ቀስቱ ዜሮ ሲወድቅ ክሩዙ ለምን ያኮርፋል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምነዳው የ2007 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ አውቶማቲክ፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ፍሬን) የሌለው፣ ከአሜሪካ የገባ። ከባሕር ዳር ወረታ በሳምንት ሦስት ቀን ለሥራ እመላለሳለሁ። ለእንቁጣጣሽ ከነሞተሩ አሳጥቤው ነበር። ትንሽ ቆይቶ የፍጥነት ቀስቱ መንገድ ላይ ድንገት ዜሮ መውረድ ጀመረ፤ ኪሎ ሜትሩም አብሮ መቁጠር ያቆማል። ብዙ ጊዜ ሐሙሲት አካባቢ ስደርስ ነው። ጉብታ ስዘል አንዳንዴ ይመለሳል። ክሩዝ ኮንትሮሉ (ነዳጅ ሳልረግጥ ፍጥነት የሚይዝልኝ) ከዚያ ወዲህ አልይዝ ብሏል፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ቼክ ኢንጅንም በርቷል፤ ስካነር ያለው ልጅ ኮዱ ፒ 0500 ነው አለኝ። አንዱ ጋራዥ ክሩስኮቶው (ቀስቶቹ ያሉበት ሰሌዳ) ይቀየር አለ፣ ሌላው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ አለ። ሁለቱንም ፈራሁ። ደግሞ ቀስቱ በሚሠራበት ሰዓት 52 ማይል ሲያሳይ የስልኬ ጂፒኤስ 80 ኪሎ ሜትር ይላል። ምን ላድርግ?»

እህትዓለም፣ ካምቢዮውን ማንም እንዳይነካብሽ። ክሩስኮቶም አትግዢ፣ ቢያንስ የምነግርሽን ሳትሞክሪ። መልሱ ያለው ጥያቄሽ ውስጥ ነው፤ በጨረፍታ ያለፍሽው ቦታ ላይ፦ «ከነሞተሩ አሳጥቤው ነበር» ያልሽው ላይ።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ክሩዙን ልከላከልለት። ክሩዝሽ የተበላሸ አይመስለኝም። እንዲያውም ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ይህ ዕቃ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፦ አሁን ያለሽበትን ፍጥነት። እሱን ይዞ ነው ነዳጅ የሚጨምረውና የሚቀንሰው። በ80 እየሄድሽ «ፍጥነትሽ ዜሮ ነው» የሚል መልእክት ቢደርሰውና ቢያምን ኖሮ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቢው። ስለዚህ ፍጥነቱን ሲጠራጠር እጁን ይሰበስባል፣ መብራቱን ብልጭ ድርግም አድርጎ «እኔ የለሁበትም» ይልሻል። (ዕቃውን የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። ጠበቃው መኪና እየነዳ ሲያወራ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሲያዳምጥ ይጨምራል፤ ወዲያ ወዲህ መንገላታቱ ሰለቸውና ነው ሐሳቡ የመጣለት ይባላል። ፓተንቱን በፈረንጆቹ 1950 አገኘ፤ ክራይስለር በ1958 መኪና ላይ አወጣው። ሳያይ ፍጥነት መለዋወጡን በሰውነቱ የሚያውቅ ሰው የሠራው ዕቃ፣ ፍጥነት ሲጠፋበት ቢያኮርፍ አይፈረድበትም።)

ስለዚህ ቀስቱ፣ ቆጣሪው፣ ቼክ ኢንጅኑና ክሩዙ አራት ብልሽት አይደሉም። አንድ ናቸው። የፍጥነቱ ወሬ ከካምቢዮ ተነስቶ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው።

መንገዱን ልንገርሽ። ኤቢኤስ በሌለው በአንቺ ዓይነት ኮሮላ ካምቢዮው ላይ ከአውራ ጣት የማይበልጥ የፍጥነት ሴንሰር አለ። ከሥሩ የፕላስቲክ ጥርስ አለው፤ ካምቢዮው ውስጥ ካለው ጥርስ ጋር ተናክሶ ይዞራል። አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አራት የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። በቶዮታ ልክ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ የሴንሰሩ ዘንግ በደቂቃ 637 ጊዜ ይዞራል፤ በአራት አባዢው፣ በሴኮንድ 42 ምት ገደማ ማለት ነው። ይህ ምት በሽቦ አድርጎ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ክሩስኮቶው ነው። ክሩስኮቶው ቀስቱን ያነሳበታል፣ ቆጣሪውን ያስቆጥርበታል፣ ከዚያ አጣርቶ ለሞተሩ ኮምፒውተር ያቀብላል። ክሩዙን የሚያዘው ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው።

ብዙ መካኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስካነር ይሰካና ፍጥነቱን ያያል፤ ዜሮ ሲሆንበት «ሴንሰሩ ሞቷል፣ ክሩስኮቶው ደህና ነው» ይላል። ወይም ፒ 0500ን አንብቦ ብቻ ሴንሰር ያስገዛሻል። በዚህ መኪና ግን ስካነሩ የሚያየው በክሩስኮቶው በኩል ያለፈውን ነው። መሐል ያለው ቢታመም ጫፍ ላይ ያለውም ዝም ይላል። ኮዱ የነገረሽ «የፍጥነት ምት አልደረሰኝም» ብቻ ነው፤ ማን እንዳልላከው አልነገረሽም። የክሩስኮቶው ጋራዥ ሰውዬም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ሊሆን ይችላል። ሳይለካ ማለቱ ነው ጥፋቱ። የካምቢዮውን ግን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ካምቢዮሽ ማርሽ እየቀያየረ ወረታ ደርሶ ከተመለሰ ውስጡ ያለው ጥርስ ይዞራል።

አሁን ወደ እጥበቱ። ላቫጆ ቤት ያሉ ልጆች ሞተር ሲያጥቡ ውኃውን በግፊት ነው የሚለቁት፣ ያውም ከላይ ወደ ታች፣ ካምቢዮው ላይ። የሴንሰሩ ሶኬት ውኃ የሚከለክል ጎሚኒ አለው፤ ግን ያንቺ መኪና ጎሚኒ ከአሥራ ምናምን ዓመት በላይ ሙቀት በልቶ ደርቋል። ውኃ አንዴ ከገባ አይወጣም። በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ የሶኬቱ መዳብ አረንጓዴ ያበቅላል። ብልሽቱ እጥበቱ ዕለት ሳይሆን ቆይቶ የጀመረውም ለዚህ ነው።

«ሐሙሲት ስደርስ» ያልሽውም በአጋጣሚ አይደለም። ከባሕር ዳር ሐሙሲት ሞተሩም ካምቢዮውም እሳት የሚሆንበት ርቀት ነው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ በጭንቅ የተነካካው ይላቀቃል። ጉብታ ሲያናውጠው ደግሞ መልሶ ይነካካል። ሙቀት የሚያላቅቀው፣ ንቅናቄ የሚመልሰው ብልሽት በኔ ልምድ ከአሥር ስምንቱ ላይ የመነካካት ችግር ነው፦ ሶኬት፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ ወይም ክሩስኮቶው ውስጥ የተሰነጠቀ ሊድ (የብየዳ ነጥብ)።

ሦስቱን ለመለየት መጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣውን አድርጊ። በሚቀጥለው ጉዞ አጠገብሽ ሰው ይቀመጥ። ቀስቱ ሲወድቅ አንቺ መንገድሽን እይ፣ እሱ ሌሎቹን ቀስቶች ይይ፦ ነዳጅ፣ ሙቀት፣ የሞተር ዙር። ሁሉም አብረው ከወደቁ ወደ ክሩስኮቶው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ወይም ማሳው (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው ሽቦ) ነው የሚቋረጠው፤ ጨዋታው ሌላ ይሆናል። ፍጥነቱ ብቻ ከወደቀ ሰውዬው የክሩስኮቶውን አናት በመዳፉ መታ መታ ያድርግ። ሾፌሮቻችን ሬዲዮም ሰዓትም በጥፊ የሚያስነሱት ሳያውቁት ምርመራ ነው። በጥፊ ከተመለሰ በሽታው ክሩስኮቶው ውስጥ ነው። በጥፊ እምቢ ብሎ በጉብታ ከተመለሰ ኮፈን ሥር ነው። የአንቺ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ቀጥሎ ኮፈኑን ክፈቺ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ እጅሽን ቱቦዎቹ መሐል ስለምታስገቢ። ሴንሰሩ ካምቢዮው ላይ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው ያለው። የአየር ማጣሪያው ሳጥን ስለሚሸፍነው እሱን ማንሳት ያስፈልጋል። ሦስት ሽቦ ያለው ትንሽ ሶኬት ነው። ምላሱን ተጭነሽ ሳብ አድርጊው፤ ሽቦውን ይዘሽ ግን እንዳትጎትቺ። ከዚያ ስልክሽን በመብራት አድርገሽ ውስጡን ፎቶ አንሺ፤ ዓይን የማይደርስበትን ካሜራ ያሳይሻል። ጤነኛ ፒን ቢጫ ወይም ብርማ ሆኖ ያበራል። አረንጓዴ፣ ነጭ ዱቄት ወይም ጥቁር ካየሽ አግኝተሽዋል።

ካገኘሽ ማጽዳቱ ከባድ አይደለም፤ ተቸኩሎ ነው የሚበላሸው። ኮንታክት ክሊነር የሚባለውን ስፕሬይ ረጭተሽ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቦርሺው፣ እንደገና ረጪው፣ ይድረቅ። በካቻቢቴ አትፋቂው፤ ፒኑ የተለበጠበትን ከፋቅሽው በሚቀጥለው ክረምት ባሰበት ይመለሳል። የሴቷ ፒን አፏ ከሰፋ በቀጭን መርፌ ጠበብ ማድረግ ይቻላል፤ እሱን ዓይኑ የሚያይ ልጅ ይሥራው። ሲገጠም ለሶኬት የሚሆነውን ቅባት ትንሽ ቀቢው። የኩሽኔታ ግሪስ ግን አይሆንም።

አረንጓዴው በሽቦው ውስጥ ወደ ላይ ከወጣ ሌላ ነገር ነው። እኔን ያስከፈለኝ እሱ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አስተማሪ እንዳንቺ ያለ ኮሮላ ይዞ መጣ። ሶኬቱን አየሁ፣ ንጹሕ ነው። ሴንሰር አስቀየርኩት፤ ሁለት ቀን ሠርቶ ቆመ። ክሩስኮቶውን አውርጄ የተሰነጠቀ የመሰለኝን ሊድ ሁሉ እንደገና በየድኩ፤ አንድ ሳምንት ሠርቶ ቆመ። ሦስተኛ ሲመጣ አፍሬ ዝም ብዬ ሽቦውን በጣቴ እየዳሰስኩ ከሶኬቱ ወደ ላይ ሄድኩ። አራት ጣት ያህል እንደራቅኩ አንድ ቦታ ላይ ሽቦው እንደ ፓስታ ለሰለሰብኝ። የላዩ ልባስ ደህና ነው፣ ጭረት የለበትም። ስሰነጥቀው ውስጡ ያለው መዳብ ወደ አረንጓዴ ዱቄት ተቀይሯል፤ አንድ ክር ብቻ ነው የቀረው። ያ አንድ ክር ነው ሲለው የሚሠራ ሲለው የማይሠራ። የሴንሰሩን ዋጋ ከኪሴ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ከማስገዛቴ በፊት ሽቦ እዳስሳለሁ።

እንዲህ ያለ ሽቦ ሲገኝ መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ወደ ኋላ ይቆረጣል፣ አዲስ ቁራጭ በሊድ ይበየዳል፣ በሙቀት የሚጠብቅ ቱቦ ይለብሳል። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለአንድ ክረምት ነው። ፎገራ ላይ መንገዱ ዳር ውኃ ሲተኛ አይተሽ የለም? ናስትሮው ውስጥ የገባ ውኃም እንደዚያው ነው የሚተኛው።

ሶኬቱም ሽቦውም ደህና ከመሰለ መለካት ነው፤ ይህን ቴስተር ያለው ኤሌክትሪሺያን ያድርግልሽ፣ አንቺ ግን አጠገቡ ቁሚ። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ከሦስቱ ሽቦ በአንዱ የባትሪው 12 ቮልት መምጣት አለበት፤ አንዱ ማሳ ነው፤ ሦስተኛው ምቱ የሚሄድበት ነው። ማሳውን ቴስተሩ «ይደውላል» ብሎ ብቻ አይለፈው፤ አንድ የቀረች ክርም ትደውላለች። ሶኬቱ ተሰክቶ እያለ በማሳው ሽቦና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ያለውን ቮልት ይለካ፤ ከ0.1 ቮልት ብዙ ከበለጠ ማሳው ታሟል።

ከዚያ ከፊት ጎማዎች አንዱን ብቻ በክሪክ ያንሳ፤ የኋላ ጎማዎች ድንጋይ ይደረግባቸው፣ ማርሹ ኤን ላይ ይሁን። ሶኬቱ እንደተሰካ ቴስተሩን ከኋላው በሦስተኛው ሽቦ ላይ አድርጎ ጎማውን በእጁ ቀስ ብሎ ያዙረው። ቮልቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ይወጣል ይወርዳል። ጎማው አንድ ዙር ሲሞላ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የምታዪው፤ ሌላኛው ጎማ መሬት ስለያዘ ዲፈረንሻሉ ግማሹን ነው የሚያደርሰው። በፍጥነት ካዞረው ቴስተሩ አይከተልም፣ «ሴንሰሩ አይሠራም» ብሎ ይፈርዳል። ቀስ ይበል።

ቮልቱ ከወጣ ከወረደ ሴንሰሩ በቀዝቃዛው ይሠራል ማለት ነው። ያንቺ ደግሞ ሲሞቅ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ የፀጉር ማድረቂያሽን ይዘሽ ሂጂ። መካኒኩ ይስቅብሽ ይሆናል፣ ይሳቅ። ሴንሰሩን ለጥቂት ደቂቃ አሙቀው እንደገና ያዙሩት። ሲሞቅ ምቱ ከቆመ ሴንሰሩ ራሱ ነው፤ ግዢ። ሞቆም ምቱ ካልቆመ፣ ሽቦውም እስከ ክሩስኮቶው ድረስ እየተነቀነቀ ካልተቋረጠ፣ ያኔ ክሩስኮቶው ይውረድ። ያኔም ለመቀየር አይደለም፤ ከኋላው ያለውን የሶኬት ማያያዣ በማጉያ መነጽር አይቶ የተሰነጠቀውን ሊድ ለመበየድ ነው። የሌላ መኪና ክሩስኮቶ ከገጠምሽ የሌላ መኪና ኪሎ ሜትር ይዞ ይመጣል፤ ስትሸጪው ማን ያምንሻል?

ሴንሰሩ የሚቀየር ከሆነ በአንድ ቡሎን ነው የታሰረው። ከመፍታቱ በፊት ዙሪያው ይጽዳ፤ አለዚያ አቧራው ካምቢዮ ውስጥ ይወድቃል። የፕላስቲክ ጥርሱን እዩት፣ የዘይት መያዣ ጎሚኒውን አዲስ አድርጉለት። ጥርሱ ቢበላ ግን ምልክቱ ሌላ ነበር፤ ቀስቱ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ያነሰ ያሳያል። እንዳንቺው ዜሮ ወርዶ በጉብታ አይመለስም።

(ኤቢኤስ ያለው መኪና ያላችሁ፣ ይህ መንገድ ለእናንተ አይሠራም። ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ጎማዎቹ ላይ ካሉት ሴንሰሮች ነው፤ የኤቢኤስ መብራትም አብሮ ይበራል። በገመድ የሚሠራ የድሮ ፒክአፕ ያላችሁ ደግሞ ገመዱን ከክሩስኮቶው ጀርባ ፍቱና ጎማው ሲዞር እሱም ይዞር እንደሆነ እዩ። ካልዞረ ተበጥሷል፤ ቀላል ነው።)

ፍጥነቱ ተስተካክሎ ኮዱ ከጠፋ በኋላ ክሩዙ አሁንም እምቢ ካለ፣ ሁለተኛ ብልሽት አለ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፍሬን ፔዳል ስዊች ነው። ክሩዝ ፍሬን የተነካ ከመሰለው አይይዝም። ሲመሽ የመኪናሽን ጀርባ ወደ ግድግዳ አዙረሽ አቁሚና ፔዳሉን ሳትነኪ የፍሬን መብራቱ ግድግዳው ላይ ይታይ እንደሆነ እዪ። አንድ የዘጌ ሾፌር ክሩዙ አልይዝ ብሎት መጥቶ ነበር። ገና በሩን ስከፍት ምንጣፉ ላይ የደረቀ የላስቲክ ፍርፋሪ አየሁ። ፔዳሉ ላይ ስዊቹን የምትጫን የጥፍር ያህል ላስቲክ አለች፤ እሷ ተፈርፍራ የስዊቹ ምላስ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። መብራቱ ሌት ተቀን በርቶ ባትሪውንም እየጨረሰው ነበር። ክሩዙን ነው ያማረረው። ሌላው ደግሞ የመሪው ውስጥ ጥቅል ገመድ ነው፤ ጥሩንባሽ አብሮ ካልሠራ ወይም የኤርባግ መብራት ከበራ እሱን ጠርጥሪ። እሱን ግን በራስሽ አትፍቺ። የሚፈታውም ሰው የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅሎ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይጠብቅ፤ ኤርባግ ፊት ለፊት ነው ያለው።

ስትሞክሪው ከተማ ውስጥ አትድከሚ፤ ከ40 ኪሎ ሜትር፣ ባንቺ ጌጅ ከ25 ማይል በታች አይይዝም፣ ባጃጁም አያስኬድሽም። ዘንዘልማን ካለፍሽ በኋላ መንገዱ ገለጥ ባለበት፣ ደረቅ ቀን፣ 50 ማይል ላይ ክሩዙን አስይዢው። አንድ ጊዜ መያዙ አይበቃም፤ ከሐሙሲት አልፈሽ፣ ሞቆ መያዙን እይ። ከብት ከሜዳው ወደ መንገዱ ሲያዘነብል ካየሽ ከሩቅ ፍሬን ንኪ፣ ወዲያው ይለቃል።

የጂፒኤሱን ነገር አትጨነቂበት። 52 ማይል 83.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ80 ጋር ያለው ልዩነት አራት እንኳ አይሞላም። ጌጅ በተፈጥሮው ትንሽ ያጋንናል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 እንዲያውም ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፣ በላይ ግን አሥር በመቶና አራት ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል፤ በ80 ላይ 92 ቢያሳይ እንኳ ያልፋል። ያንቺ በአሜሪካ ልክ የተሠራ ቢሆንም ልማዱ ያው ነው። የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው። 185/65 በ15 ጎማ ለሚያደርግ መኪና ጎሚስታው «ከፍ ያደርግልሻል» ብሎ 195/70 ቢገጥምልሽ ጎማው አምስት በመቶ ይተልቃል፤ ጌጁ 80 ሲል 84 ትሄጃለሽ። የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለውን የጎማ ቁጥር አንብቢና አሁን ከተገጠመው ጋር አስተያዪው።

እስከዚያው ቀስቱ ሲወድቅ ስልኩን ክሩስኮቶው ላይ አቁመሽ በጂፒኤሱ ንጂ፣ ክሩዙን አትንኪው። የሶኬቱን ፎቶ ላኪልኝ፤ ሁለቱንም ወገን፣ የሴንሰሩንም የሽቦውንም።